ለምን 3ን አከበብኩ

2013 ዓ.ም. ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተመለስን ጥቂት ወራት አልፈዋል። አንዲት የማላውቃት ልጅ ላይብረሪ በር ላይ አስቁማኝ መጠይቅ ሰጠችኝ። ለመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ያን ሰሞን የተማሪው ግማሽ ስለ ኮሮና መጠይቅ ይበትናል፣ ግማሹ ይሞላል። እኔም ነገ የራሴን ወረቀት ይዤ የሰው ፊት ማየቴ ስለማይቀር እምቢ ለማለት አፍ አጣሁ። አራት ገጽ ነው። በግራ ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ ቁጥር። 1 በጣም አልስማማም፣ 5 በጣም እስማማለሁ። «በወረርሽኙ ወቅት በተሰጠኝ የኦንላይን ትምህርት ረክቻለሁ።» «በኦንላይን ለመማር ከፍተኛ ተነሳሽነት ነበረኝ።» ሁለቱም ላይ 3ን አከበብኩና መልሼላት ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

3 ማለት «እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። ውሸቴን ነው። እርግጠኛ ነበርኩ። ግን እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር በቁጥር አልናገር አለኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት ካለዎት» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር። ሁለት መስመር ምን ይይዛል? ባዶውን ተውኩት። ይኸው ዛሬ ልሙላው። (እህቴ፣ ምናልባት ይህን ካነበብሽ ይቅርታ። ዳታሽን አበላሽቼብሻለሁ።)

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። ዶርማችን ውስጥ የነበረው ወሬ ግን ስለ ጃፓናዊው አልነበረም፤ ስለ ነጭ ሽንኩርት ነበር። አንዷ እናቷ ደውለው ትኩስ ነገር እየጠጣሽ ቆዪ ብለዋታል፣ ሌላዋ ሎሚ ልትገዛ ወጥታ ዋጋውን ሰምታ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። እኛን መጀመሪያ ከግቢ እንዳትወጡ አሉን። ሳምንት ያህል እንደቆየን ደግሞ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባለ።

15 ቀን የምትለዋ ነገር ጆሯችን ውስጥ ቀርታ ነበር። እኔ ሁለት ቲሸርት፣ አንድ ፎጣና ላፕቶፔን ብቻ ይዤ ወጣሁ። መጽሐፎቼን፣ ብርድ ልብሴን፣ በስንት ልመና ኮፒ ያስደረግኳቸውን ሃንድአውቶች ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። ሻንጣው ከዚያ በኋላ የታየው ቴሌግራም ላይ ነው። ዶርሙ ለይቶ ማቆያ ሊሆን ነው ተብሎ የሁላችንም ዕቃ በማዳበሪያ እየታሰረ መጋዘን ሲገባ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ለቀቀው። አሥር ጊዜ አሳድጌ የእኔን ሰማያዊ ሻንጣ ፈለግሁ። የጎማው እግር ብቻ ታየኝ።

ቤታችን ሐይቅ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ሰው ሐይቅ ሲባል ውሃውንና የእስጢፋኖስን ገዳም ነው የሚያስበው። የእኛ ቤት ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው፣ ውሃውም በሩቁ ነው የሚታየው፣ ኔትወርኩም እንደዚያው በሩቁ ነው።

የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ነበርኩ፣ የትምህርት ሥነ ልቦና። ሚያዝያ ላይ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን ይቀጥላል የሚል መመሪያ መጣ። ሚኒስቴሩ ሲል ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲል ዲፓርትመንቱ አለ፣ ዲፓርትመንቱ ሲል ሪፓችን (የክፍል ተወካያችን) ቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። 19 ነን። ኦንላይን ትምህርት እኛ ጋ ሲደርስ ቴሌግራም ሆኖ ነው የደረሰው። መድረክ የለም፣ የተቀረጸ ቪዲዮ የለም፣ የትምህርት መርሐ ግብር የለም። ፒዲኤፍ ይዘንባል። እኛ ደግሞ ጣሪያ የሌለው ቤት እንዳለ ሰው ዝም ብለን እንበሰብሳለን።

አንድ ጊዜ ዙም ተሞክሯል። ነጻው ዙም ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሠራው። ከ40ው ውስጥ 25ቱ «ይሰማል? ይሰማችኋል? ድምፅ የለም» በማለት አለቀ። የቀረው 15 ደቂቃ ላይ እኔ ወጣሁ። መውጣቴ አይደለም፣ ጣለኝ። ስመለስ ሁሉም ሄደዋል።

በኋላ ሳነብ ያወቅኩት፣ እኛ ዕቃ በምንሸክፍበት በዚያው በመጋቢት፣ አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሆጅስና ባልደረቦቹ ይህን ነገር ኦንላይን ትምህርት ብላችሁ አትጥሩት ብለው ጽፈው ነበር። ኦንላይን ትምህርት ወራት ታቅዶ፣ ታስቦበት የሚሠራ ነው፤ ይሄ ግን ቤት ሲቃጠል በመስኮት እንደመዝለል ያለ የድንገተኛ ጊዜ ማስተማር ነው፣ ሁለቱን አታወዳድሩ ነበር ሐሳባቸው (የመስኮቱ ምሳሌ የእኔ ነው)። መጠይቁ «በኦንላይን ትምህርት ረክተዋል?» ሲለኝ የመጀመሪያው ችግር እዚህ ነው። ያላገኘሁትን ነገር ነው ወደድሽው ወይ የሚለኝ።

ቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ያለበት ጉብታ አለ። እዚያ ሲወጣ ኔትወርክ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት መስመር ይመጣል። ማታ ደግሞ ይሻላል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ የሌሊት ጥቅሉም ይረክሳል። ስለዚህ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንቤ እወጣለሁ።

እማዬ ሦስት ቀን ታገሠች። በአራተኛው፣

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ተዘግቷል ተብሎ የለ እንዴ? እዚያ ላይ ወጥተሽ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከመምህሬ ጋር ነው እማዬ።»

«ኧረ? መምህር በሌሊት?»

አልፈርድባትም። ትምህርት ማለት ለእሷ ደብተር ይዞ መውጣት ነው። ስልክ ላይ ማቀርቀር ደግሞ ሥራ መፍታት ነው። እና ልጇ 25 ዓመት ሞልቷት፣ በአገር ወረርሽኝ ገብቶ፣ በጨለማ ጫካ ውስጥ ስልክ ይዛ ትስቃለች። ጎረቤትም ያያል።

ሌላው ጉዳይ ወንድሜ ነው። የሁለተኛ ዓመት የዲግሪ ተማሪ ነበር፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ለእነሱ የማንበቢያ ጽሑፍ እንልካለን ተባለ እንጂ ክፍል አልነበራቸውም። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ተማሪ አለ። አንዱ ትምህርት የለውም፣ አንዷ አላት። ጠረጴዛው የተሰጠው ለማን ይመስላችኋል? አባዬ «ልጁ ያንብብበት» ብሎ የራዲዮኑን ጠረጴዛ ለእሱ አስለቀቀለት። እሱ ትምህርት የለውም፣ እንጀራም የለበትም። እኔ ትምህርት አለኝ፣ እንጀራም አለብኝ። ሰኞና ሐሙስ ጋገራ ነው። ከዚያ ውጭ ውሃ አለ፣ ቡና አለ፣ ለቅሶ የሚመጣ ዘመድ አለ (ርቀት ጠብቁ ቢባልም ለቅሶ የሚቀር የለም)። ዶርም ውስጥ እያለሁ ካፌ ምግቡን ባማርርም ምሳዬን የሚያበስልልኝ ሰው ነበር። ስንት ሰዓት ነጻ ያወጣኝ እንደነበር ያየሁት ቤቴ ስገባ ነው። በመጠይቁ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ስድስት ጥያቄ ነበረ። ስለ እንጀራ አንድም የለም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ሚያዝያን በደንብ አነበብኩ። ስንፍና አልነበረብኝም። አንዱ ምክንያት መምህሩ ናቸው።

ኮርሱ በብሎክ (አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተጀመረ) የሚሰጥ ስለነበር ሳንጀምረው ነው የተበተንነው። መምህሩን አይተናቸው አናውቅም። የቴሌግራም ፎቷቸውም የጽጌረዳ አበባ ነው። እንደ ሌሎቹ ፒዲኤፍ ጥለው አልጠፉም። በድምፅ ነበር የሚያስተምሩት፤ ሰባት ስምንት ደቂቃ የሚሆን የድምፅ መልእክት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አምስት ስድስቱን አከታትለው። ፋይሉ ቀላል ስለሆነ እኔ ጉብታ ላይ እንኳ ቶሎ ይወርዳል። አውርጄው ጋገራ ላይ በአንድ ጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከምጣዱ ጋር የተማርኩት ትምህርት እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። ከበስተጀርባቸው ልጅ ያለቅሳል፣ «አንዴ ቆዩኝ» ብለው ይነሳሉ፣ በር ሲከፈት ይሰማል፣ ይመለሳሉ። ቆርጠው ማውጣት ይችሉ ነበር። አላወጡትም።

ኮርሱ ደግሞ የተነሳሽነት ኮርስ ነበር። ሳቁ እንግዲህ። ሰው ለምን ይማራል፣ ለምን ያቆማል የሚለውን እየተማርን ነው ልናቆም የደረስነው።

አንድ ማታ ስለ ኤድዋርድ ዴሲና ስለ ሪቻርድ ራያን አስተማሩን። ሁለቱ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ሰው ከውስጡ ተነሳስቶ አንድ ነገር እንዲሠራ ሦስት ነገር ማግኘት አለበት ይላሉ። በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው መሆን አለበት። እንደሚችለው ማየት አለበት። ከሌላ ሰው ጋር መቆራኘት፣ የእኔ የሚለው ሰው መሃል መሆን አለበት። መምህራችን ይህን ካስረዱ በኋላ «አሁን እናንተ ከሦስቱ የትኛው ጎደለባችሁ? በድምፅ መልሱልኝ» አሉ።

እኔ ጠዋት ላይ ግቢያችን ውስጥ ቆሜ መለስኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ ብሰማው አፍራለሁ፣ ብዙ የመጽሐፍ ቃል ደርድሬያለሁ። ዋናው ነገር ግን መሃል ላይ አውራ ዶሯችን ጮኸ። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ፣ እኔ «መቆራኘት» በምልበት ቦታ ሁሉ። ደግሜ ልቅዳው ብል ጥቅሌ እያለቀ ነበር፣ እንዳለ ላክሁት። ግሩፑ በሳቅ ስቲከር ተሞላ። ማታ መምህሩ ገቡና፣ «የተማሪዋን መልስ ሰምቻለሁ፣ ጥሩ ነው። ዶሮውም የሚለው አለው፤ እሱ ግን እጅ አላወጣም» አሉ። ያን ዕለት ሌሊት ሁለት ምዕራፍ ጨረስኩ።

ግንቦት ላይ ያ ኮርስ አለቀና ስታቲስቲክስ መጣ። ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። 14 ፒዲኤፍ በአንድ ሌሊት ተለቀቀ፣ ከሥሩ «አንብቡ፣ አሳይመንቱ ሰኔ መጨረሻ ይገባል» የሚል አንድ መስመር። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ስንጠይቅ አንድ መልስ እንኳ አይመጣም። ሶፍትዌሩ ስልክ ላይ አይሠራም፣ ላፕቶፕ ይፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። መብራት ደግሞ ያውቅበታል፤ ልክ ቁጥሮቹን አስገብቼ ስጨርስ ነው የሚሄደው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኩ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። ፎቶው ላይ ቁጥሩ አይታይም፣ የሚታየው የራሱ ግንባር ነው፣ ከመስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ። በዚያ ፎቶ ሪግሬሽን የሚባለውን የስታቲስቲክስ ስሌት ልማር ሞከርኩ። አንድ ቀን እንጨት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። «መቻልን ማየት» የሚሉት የዴሲና የራያን ነገር እዚያ ጋ ነው የገባኝ፣ ጎድሎብኝ።

አዲስ አበባ ያለች የልብ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ዓለም ላይ ነበረች። የግል ኮሌጅ ነው የምትማረው፤ ቤቷ ዋይፋይ አለ፣ የራሷ ክፍል አላት፣ ኮሌጇም በሰዓቱ ቀጥታ ክፍል ያስተላልፍ ነበር። ስደውልላት «ኧረ ተመችቶኛል! ታክሲ ሰልፍ የለ፣ ምን የለ፣ ፒጃማዬን እንደለበስኩ ነው የምማረው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ካሜራውን አጥፍታ፣ ስሟ ብቻ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ፣ እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ናት። በሰኔ ስጠይቃት የአንድ ኮርስ አንድ ገጽ አላነበበችም። ለእሷ መጠይቁ ቢደርሳት እርካታ ላይ 5፣ ተነሳሽነት ላይ 1 ነው የምታከብበው። እኔ ግንቦት ላይ ብጠየቅ ኖሮ እርካታ 1፣ ተነሳሽነት 2። ሚያዝያ ላይ ብጠየቅ እርካታ 1፣ ተነሳሽነት ግን 5። መጠይቁ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ አስመስሏቸዋል። እኛ ቤት ግን ተለያይተው ነው የሄዱት። ምቾት አለመኖሩ እኔን አላስቆመኝም፣ ምቾት መኖሩም እሷን አላስነሳትም።

ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። በመላው አገሪቱ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ። አገር ሐዘንና ሁከት ውስጥ ገብቶ ስለ አሳይመንት ማሰብ ነውር ይመስል ነበር፣ እና ደግሞ ይታሰባል፣ ሰው እንዲህ ነው። ማስገቢያው ቀን ደርሷል። መምህሩ የሉም፣ ግሩፑ የለም፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ሁለት መስመር ባይም ምንም አይከፍትም። በቃ አለቀ፣ ዓመቱ ተቃጠለ አልኩ። ለወንድሜም ነገርኩት። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። እሱ ከተቃጠለበት ሦስት ወር ሆኖት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጠራ። ሪፓችን ነው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቶ ነው ለማስተርስ የመጣው። ግቢ ሳለን እንደ ሞግዚት ስለሚያደርገው ብዙም አንወደውም ነበር።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ ጋሼ።»

«በይ የት ደረስሽ?»

ይህን ብቻ ነው የጠየቀኝ። ወረቀት ላይ የ19ኛችንን ስም ጽፎ እየተራ ይደውላል፣ በራሱ ካርድ። ማን ምን እንደጎደለው ይመዘግባል። እኔ ኢንተርኔት ከመጥፋቱ በፊት ሐይቅ ኮፒ ቤት ሄጄ ዋና ዋናዎቹን ፒዲኤፎች አሳትሜ ስለነበር፣ 38 ገጽ በእጄ ነበረኝ። ሁለት ልጆች ደግሞ ምንም የላቸውም። ሪፓችን አገናኘን። ስልኩ ሦስት ሰው ባንድ ላይ ማገናኘት ይችላል፤ ከዚያ በፊት ተጠቅሜበት አላውቅም። በየማታው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እኔ አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ አንዷ በራሷ አማርኛ መልሳ ታስረዳለች፣ ሦስተኛው «ውሸት ነው፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይከራከራል። ሪግሬሽን የገባኝ እንደዚያ ነው። ስክሪን ሳላይ። ልጅቷ «በቃ የበጎቹን ዋጋ በክብደታቸው መገመት ማለት እኮ ነው» አለችና ልቤ ውስጥ መብራት መጣ። አሳይመንቱን ጋገራ በሌለበት በአንድ ቀን በእጄ ጻፍኩት፣ ላፕቶፕ ሳልነካ፤ የቀረውን ኢንተርኔት ሲመለስ አስገባን።

እና እውነቱን ልናገር? ከመጋቢት እስከ ኅዳር ካሉት ወራት ውስጥ በጣም ተነሳስቼ የተማርኩት በእነዚያ ኢንተርኔት ባልነበረባቸው ሳምንታት ነው። የኦንላይን ትምህርቴ ከፍተኛው ነጥብ ኦፍላይን የሆንኩበት ጊዜ ነው። ይህን በየትኛው ቁጥር ላክብበው? ሚያዝያ 5፣ ግንቦት 2፣ ሰኔ 1፣ ሐምሌ 5። ደምራችሁ ለአራት ብታካፍሉት 3 ከሩብ ይመጣል። ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ አልኳችሁ እኮ።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልጨምር፣ ዝም ብዬ ባልፈው ያናድደኛል። እስከ ግንቦት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ሴሚስተር ማስታወሻ ይገላብጥ ነበር። ከዚያ መገላበጡን ተወ። ሰኔ ላይ የአጎታችንን ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ግማሽ ሰው ብቻ ጫኑ ተብሎ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፣ ማታ ሲገባ የተጠቀለለ ብር ለእማዬ ይሰጣታል። እማዬ ትመርቀዋለች። ጥናት ላይ እያለ እንደዚያ ተመርቆ አያውቅም። መስከረም አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎች ሊከፈቱ ነው ሲባል «መጀመሪያ ተመራቂዎች ናቸው የሚጠሩት» አለኝ፣ የእፎይታ በሚመስል ድምፅ። በመጨረሻ ሄዷል፣ ተመርቋልም። ግን ያን ዓመት ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው እንኳ ደውሎ «አለህ?» አላለውም። ጥፋተኛ እየፈለግሁ አይደለም፣ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ነው። ግን የሰው ልጅ አንድ ቦታ የእሱ መቅረት እንደሚታወቅ ካላወቀ ለምን ይመለሳል?

እሱን ደግሞ መጠይቅ የሰጠው የለም። ኦንላይን አልተማረማ። ጥናቱ «ኦንላይን የተማሩ» ላይ ነው።

እኛ ክፍልም ሲከፈት 16 ነን የተመለስነው። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ ቴሌግራም ላይ መጨረሻ የታየችው ግንቦት ላይ ነው፣ ሪፓችን ሲደውልም ስልኳ አይሠራም። ሌላዋ አግብታለች ተባለ። ለሥራም ለትዳርም ከሆነ ደስ ይበላት፤ ግን ዙም ላይ ከሁላችን በላይ ስትጠይቅ የነበረችው እሷ ናት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ላይብረሪ በር ላይ ቆሞ መጠይቅ የሚበትን ሰው የሚያገኘው ላይብረሪ በር ላይ የተገኘነውን ነው። ዩኔስኮ ያኔ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ተስተጓጉሏል ብሎ ነበር፤ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ ምንም አይሰማኝም። ሦስት ወንበር ባዶ ሆኖ ሳይ ግን ተሰማኝ።

ወደ ግቢ የገባነው ኅዳር 2013 ነው። በር ላይ ሙቀት ለኩን፣ እጃችንን በአልኮል አስረጩን። ሻንጣዬን ከመጋዘን አወጣሁ፤ ሃንድአውቶቹን አይጥ ጀምራቸዋለች፣ ብርድ ልብሱ ደህና ነው። በክፍል ውስጥ ወንበሩ ተራርቋል፣ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ስምንት ወር በድምፅ የማውቃቸው ሰዎች ዓይንና ግንባር ብቻ ሆነው ተቀምጠዋል። ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ እስኪናገሩ መጠበቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አጠር ያሉ ሰው ገቡ። ዕድሜያቸው ካሰብኩት ያንሳል። ምንም ሳይሉ ቦርሳቸውን አስቀመጡና «አንዴ ቆዩኝ» ብለው መልሰው ወጡ፤ ማርከር ረስተው ነው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ። አወቅናቸዋ።

ተመለሱና የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሳችንን በየተራ እንድንናገር ጠየቁ። እኔ ጋ ሲደርስ ተነሳሁ። ስሜን አልነገርኳቸውም፣ ገና «እኔ ለማጥናት ያሰብኩት» ብቻ ነው ያልኩት። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ማስካቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በዓይናቸው እየሳቁ አዩኝ።

«አንቺ የሐይቋ ነሽ» አሉኝ። «ዶሮው እንዴት ነው?»

«ለእንቁጣጣሽ በላነው መምህር» አልኳቸው።